ከአምፖሉ በፊት ውኃው ይታይ

ሰሞኑን በጅማ ወጣቶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ ያደረሰው ቀደም ሲል ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ሽሪምፕ ለማርባት ብድር ሊጠይቅ ተዘጋጅቷል። በማመልከቻው ላይ ከዘረዘራቸው ዕቃዎች የመጀመሪያው 40 ሰማያዊ አምፖል ነው። መረቡ፣ መኖው፣ የውኃ ሙቀት መለኪያው ሁሉ ከአምፖሉ በታች ተሰልፈዋል። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ዝርዝር ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሽሪምፕ፣ ክሬይፊሽ (ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው የወንዝና የረግረግ እንስሳ) እና ሸርጣንን የመሳሰሉ ቅርፊት ለባሽ የውኃ እንስሳት ከሰው የበለጠ ብዙ ቀለም ስለሚያዩ በቀለም ሊታዘዙ ይችላሉ። ሰማያዊ ብርሃን ጠባቸውን ያበርዳል፤ ቀይ የተቀባ ገንዳ ሥጋቸውን ቀይ ያደርጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል ዕድገታቸውን እጥፍ ያደርጋል። ዓይናቸው የተወሰደባቸው እንስቶች የዘላለም ሌሊት ስለሚመስላቸው ቶሎ ይራባሉ። የጅማ ብርድና ደመናም በአምፖል ይካካሳል። በመጨረሻም ከገንዳ የተረፈው ጫጩት ወደ ጊቤ ቢለቀቅ ለአካባቢው ሀብት ይሆናል ይላል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለወጣቱ አዲስ የእንጀራ በር ለመክፈት የጻፉ ቅን ሰው መሆናቸውን ግን ከአጻጻፋቸው ተረድቻለሁ። ብርሃን በእነዚህ እንስሳት ሕይወት ትልቅ ቦታ አለው ማለታቸውም ልክ ነው። ችግሩ የጠየቁት ጥያቄ ላይ ነው። እሳቸው የጠየቁት እንስሳው የትኛውን ቀለም ይወዳል የሚለውን ነው።

የጅማ የቡና ገበሬ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ቡናውን ከዋንዛና ከብርብራ ሥር የሚያሳድገው ቡና አረንጓዴ ቀለም ስለሚወድ አይደለም። ስንት ፀሐይ በቅጠሉ መካከል አልፎ ወደ ቡናው ይደርሳል፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ብሎ ያያል። ጥላው ሲከብድ ቅርንጫፍ ይመለምላል፤ ሲሳሳ የጥላ ችግኝ ይተክላል። ስለ ሽሪምፕም መነሻው ይኸው ነው፦ በዚህ ውኃ ውስጥ ስንት ብርሃን አልፎ ይደርሰዋል? ሲበዛበትስ የት ይጠለላል? ከዚህ በታች የማነሳቸው ነጥቦች ሁሉ የሚመለሱት ወደዚህ ነው።

ከዓይናቸው ልጀምር። ጽሑፉ ሽሪምፕ 12 ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋሳት አሉት ይላል። ይህ ቁጥር የመጣው ማንቲስ ሽሪምፕ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ በገንዳ ከሚረቡት ሽሪምፖች ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ጸሐፊው ባሰቡት መንገድም የሚያረባው የለም። ለነገሩ እሱም ቢሆን የተባለውን ያህል ቀለም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ማንቲስ ሽሪምፕ የሰው ዓይን በቀላሉ የሚለያቸውን ተቀራራቢ ቀለሞች መለየት ተስኖታል። የተቀባይ ብዛት የማየት ብቃት ማለት አይደለም። በገንዳ የሚረቡት አብዛኞቹ ዝርያዎች ደግሞ ዋነኞቹ ተቀባዮቻቸው ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው።

የእነዚህ እንስሳት ዓይን የሚደንቀው በሌላ ነገር ነው። የሽሪምፕና የክሬይፊሽ ዓይን ገጽ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዳማ ሰሌዳ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፈለ ነው። የእያንዳንዱ ግድግዳ እንደ መስተዋት ሆኖ ብርሃኑን ወደ አንድ ነጥብ ያንጸባርቃል። የብዙ ቀዳዳዎች ብርሃን ተጠራቅሞ አንድ ምስል ስለሚሠራ እንስሳው በጣም ደብዛዛ በሆነ ብርሃን ያያል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ይህንኑ ንድፍ ለኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ተጠቅመውበታል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወደ ሕዋ የተላከው አንስታይን ፕሮብ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሌሊት ባትሪ ብታበሩበት የሽሪምፕ ዓይን እንደ ፍም የሚያበራውም ብርሃኑ ከውስጥ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ነው። እንግዲህ ይህ ዓይን ለጭላንጭል የተሠራ ነው። ቀን ላይ በውስጡ ያለው ጥቁር ቀለም ተንቀሳቅሶ ብርሃኑን ይጋርድለታል፤ ማታ መልሶ ይገለጣል። ይህ ለውጥ ጊዜ ይፈልጋል። ብርሃን በሚለካበት በሉክስ ሲሰላ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከአንድ ሉክስ በታች ነው፤ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ለጨረቃ የተከፈተ ዓይን ላይ ድንገት አምፖል ማብራት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ክሬይፊሽ ደግሞ ብርሃንን በጅራቱም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1934 ፕሮሰር የተባለው ተመራማሪ በእንስሳው የመጨረሻ የሆድ ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ብርሃን ተቀባይ መኖሩን አሳይቷል። ጭንቅላቱን ድንጋይ ሥር ሸጉጦ ጅራቱ ከውጭ ቢቀር እንኳ ገላው በብርሃን ላይ እንዳለ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል። ለእንዲህ ያለው ፍጥረት መጠለያ የቅንጦት ዕቃ ነው ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ ሰማያዊው አምፖል ልምጣ፤ ብዙ ገንዘብ ሊወጣበት የታሰበው እዚህ ላይ ነውና።

ጸሐፊው ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ግዙፉን የወንዝ ሽሪምፕ ነው። ሰማያዊ ክንድ ያላቸው ወንዶች ረጋ ያሉና ገዢ መሆናቸውን አይተው ሰማያዊ ቀለም ሰላም ያመጣል ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። የታዘቡት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ገልብጠውታል። በዚህ ዝርያ ወንዶቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ ትንንሾቹ፣ ብርቱካናማ ክንድ ያላቸውና ሰማያዊ ክንድ ያላቸው። ብርቱካናማዎቹ በፍጥነት የሚያድጉት ናቸው። ሰማያዊዎቹ ዕድገታቸው የቀዘቀዘ፣ ረጅም ክንድ ያበጁ፣ ግዛትና እንስቶች የያዙ ጎልማሶች ናቸው። ትንንሾቹ በግልጽ ከመዋጋት ይልቅ ተሹለክልከው ከእንስት ጋር መገናኘትን መርጠዋል። ሰማያዊዎቹ ተለቅመው ሲወጡ ከብርቱካናማዎቹ አንዳንዶቹ በተራቸው ወደ ሰማያዊ ይለወጣሉ። ሰማያዊው ክንድ የሹመት ምልክት ነው። ረጋ ያለ የሚመስለውም ሌሎቹ ስለሚሸሹት ነው። ካባ የለበሰውን ዳኛ ያየ ሰው ለመንደሩ ሁሉ ካባ ቢያድል ሙግት አይቀርም። እንዲያውም አርቢው ከዚህ የሚማረው ሌላ ነገር አለ፤ ትልልቆቹን ሰማያዊዎች በየጊዜው እየመረጠ ቢያወጣ ለቀሩት የማደጊያ ዕድል ይከፍታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀዳዳው ሰፋ ያለ መረብ ነው።

ሁለተኛው ችግር ውኃው ራሱ ነው። በጠራ ውኃ ውስጥ ቀዩ ብርሃን አስቀድሞ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህን የባሕር ሕግ ነው። የእኛ ውኃ ግን የባሕር ውኃ አይደለም። ከጫካ የሚወርደው ውኃ የበሰበሰ ቅጠል ቀለም ይዞ ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ በክረምት ጭቃ ይጨመርበታል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ከእርጥብ ቡና መፈልፈያዎች የሚወጣው ፍሳሽ በየወንዙ ይቀላቀላል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀድሞ የሚዋጠው ሰማያዊው ነው። በሻይ ላይ ሰማያዊ ባትሪ ያበራ ሰው ከብርጭቆው ሥር የሚያገኘው ጨለማ ነው። ያ ልጅ ሊገዛ ካሰባቸው 40 አምፖሎች የሚወጣው ብርሃን አብዛኛው ከእንስሳው ዘንድ ሳይደርስ ከላይ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ከከተማው ወጣ ካለ ጅረት ሸርጣኖች ይዘን በሁለት ባልዲ አስቀመጥን፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር። በነጩ ባልዲ ያሉት ክንዳቸውን አንሥተው ግድግዳ ለግድግዳ ሲዞሩ፣ እርስ በርስ ሲገፋፉ ዋሉ። በጥቁሩ ያሉት ቶሎ ረጉ። ተማሪዎቹ ጥቁር ይወዳሉ ብለው ጻፉ። በማግስቱ በሁለቱም ባልዲ ውስጥ የተሰበረ ጀበና ሆድ ሆዱን ደፍተን አስገባን። ከአንድ ሰዓት በኋላ በነጩም በጥቁሩም ያሉት ሸርጣኖች በስባሪው ሥር ተከተው ነበር፤ በሁለቱ ባልዲዎች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ይህ የትምህርት ቤት ሙከራ ነው፤ ጥናት ብዬ አላቀርበውም። ልጆቹ ግን መጀመሪያ የጻፉትን ሰርዘው ጥላ ይፈልጋሉ ብለው ጻፉ፤ ያ እርማት ከማንኛውም ፈተና ውጤት በላይ አስደስቶኛል።

ስለ ቀዩ ገንዳ ብዙ አልቆይም፤ ነገሩ ከተባለው ጋር ተቃራኒ ነውና። የሽሪምፕን ቅላት የሚሰጠው አስታዛንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። እንስሳው ይህን ቀለም ከባዶ መሥራት አይችልም፤ መነሻውን የሚያገኘው ውኃን አረንጓዴ ከሚያደርገው ከአልጌና ከመኖ ነው። በሕይወት እያለ አስታዛንቲኑ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ቅርፊቱ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ይመስላል። ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይፈርሳል፤ ቀለሙ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ይቀላል። የገንዳ ቀለም ሚና አለው፤ በጥቁር ወለል ላይ የሚኖር ሽሪምፕ ከወለሉ ጋር ለመመሳሰል በቆዳው ያሉ የቀለም ሕዋሳትን ይዘረጋል፣ ይጠቁራል፤ በነጭ ወለል ላይ ያለው ይሰበስባቸዋል፣ ይገረጣል። ስለዚህ ሲቀቀል የደመቀ ቅላት የሚሰጠው በጥቁር ገንዳ የቆየው ነው። በውጭ አገር አንዳንድ አርቢዎች ከመሸጣቸው በፊት ሽሪምፑን ለጥቂት ጊዜ በጥቁር ገንዳ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። በመኖው ውስጥ ቀለሙ ከሌለ ግን ገንዳው ጠቆረም ቀላም ከየትም አያመጣውም።

ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ይብራ የሚለው ምክር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። እዚህም ላይ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ፤ ገና የተፈለፈለ የሽሪምፕ እጭ ወደ ብርሃን ይዋኛል። የማራቢያ ጣቢያዎች በገንዳው አንድ ጥግ መብራት አድርገው ብርቱዎቹን እጮች ከደካሞቹና ከቅርፊት ቁራጭ የሚለዩት በዚህ ባሕርይ ነው። ነገር ግን የወንዙ ሽሪምፕ እጭነቱን ጨርሶ ወደ ወለል ሲወርድ ባሕርይው ይገለበጣል፤ ከብርሃን ይሸሻል፤ ማታ ወጥቶ ይመገባል። የሕፃኑን ባሕርይ ወስዶ ለአዋቂው መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። በየአገሩ በብዛት የሚረባው ነጭ እግር የባሕር ሽሪምፕ በቀንም በደንብ ስለሚበላ በዚህ ረገድ ዝርያ ከዝርያ ይለያያል፤ የተባለው ምክር ግን ይህንንም አይለይም።

እነዚህ እንስሳት የሚያድጉት ቅርፊታቸውን እየጣሉ ነው፤ የሚጥሉትም በአብዛኛው በሌሊት ነው። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠና ድረስ ገላቸው ለስላሳ ስለሚሆን ጓደኞቻቸው ይበሏቸዋል። ጨለማው በዚያች ሰዓት መሸሸጊያቸው ነው። አምፖሉ ይህን መሸሸጊያ ይነጥቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረንሳይ ውስጥ በክሬይፊሽ ላይ የተደረገ ሙከራ ብርሃንና ጭንቀት ምን ያህል እንደተሳሰሩ አሳይቷል። የተረጋጉት ክሬይፊሾች በመስቀል ቅርጽ በተሠራ መንገድ ጨለማውንም ብርሃኑንም ሲጎበኙ፣ በኤሌክትሪክ የተረበሹት ብርሃን ያለበትን ክንፍ ሸሹ። ለሰው ጭንቀት የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሰጣቸው እንደገና ወደ ብርሃኑ መግባት ጀመሩ። ከዚህ የምረዳው የተጨነቀ እንስሳ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ጨለማ ጥግ እንደሆነ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በበራ ገንዳ ውስጥ ያ ጥግ የለም።

መብራትም ይጠፋል። በጅማ የምንኖር ሁሉ እናውቀዋለን፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድርግም ብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ቦግ ይላል። ሽሪምፕ ድንገት ሲበራበት ጅራቱን አጥፎ ወደ ኋላ ይወነጨፋል፤ ከግድግዳ ይጋጫል፤ ከገንዳ ዘልሎ መሬት ላይ ይቀራል። መብራት የግድ ካስፈለገ ቀስ ብሎ የሚደምቅና ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ መሆን አለበት።

ደግሞስ ብርሃን እንስሳውን ከመንካቱ በፊት ውኃውን ይነካል። በአረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ያለው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ማታ ራሱም ይተነፍሳል። በኩሬው ውስጥ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኔ የቆሮሶ ዓሣ ኩሬዎቼን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የምጎበኘው ለዚህ ነው። ፀሐይ ሲበረታና አልጌው ሲሠራ ደግሞ የውኃው ፒኤች (የአሲድና የአልካላይን ሚዛን መለኪያው) ይጨምራል፤ ያን ጊዜ በውኃው ውስጥ ያለው አሞንያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። አንድ አርቢ አምፖል ጨምሬ ሽሪምፔ አደገ ቢል እንኳ ያሳደገው ብርሃኑ ነው ወይስ ብርሃኑ ያበዛው አልጌ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ለመከታተል የሚያስፈልገው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ክዳን በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ በገመድ ታስሮ ወደ ውኃው ይወርዳል። አረንጓዴ ውኃ ባለበት ኩሬ ክዳኑ ከ25 እስከ 40 ሳንቲሜትር ላይ ከዓይን ቢሰወር ደህና ነው። ገና በእጅ ርዝመት ጥልቀት ወለሉ ወለል ብሎ ከታየ ፀሐይ በዝቶበታል፤ ክዳኑ ቶሎ ከጠፋና ውኃው ቡናማ ከሆነ ጭቃ ገብቶበታል።

ዓይን ስለማውጣት የተጻፈውን ሳነብ አዘንኩ። በባሕር ሽሪምፕ ማራቢያዎች የእንስቷን አንድ የዓይን ዘንግ መቁረጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ምክንያቱ ግን ጨለማ አይደለም። በዘንጉ ውስጥ የእንቁላልን መብሰልና የቅርፊት መጣልን የሚገቱ ሆርሞኖች የሚመነጩበት ዕጢ አለ፤ ዘንጉ ሲቆረጥ እገዳው ይላላል። ሁለቱንም ዓይን መቁረጥ እንስሳዋን ማጥፋት ነው። የወንዙ ሽሪምፕ ደግሞ ይህ ሁሉ ሳይደረግበት በኩሬ ውስጥ በራሱ ይጋባል፤ እንቁላልም ይይዛል። ዓለምም ከዚህ ልማድ እየራቀ ነው፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ እነዚህን እንስሳት ስሜት ካላቸው ፍጥረታት ቆጥራቸዋለች። የ20 ዓመት ልጅ መቀስ ይዞ ዓይን እንዲቆርጥ የሚመክር ጽሑፍ ቢያንስ ምክንያቱን በትክክል ማወቅ ነበረበት።

ብርዱን በተመለከተ ስሌቱን አብረን እንሥራ። ግዙፉ የወንዝ ሽሪምፕ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። የጅማ አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በ8 ዲግሪ ለማሞቅ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይጠይቃል። ባለ 10 ዋት አምፖል ኃይሉን በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለውጥና አንዲት ጠብታ ሙቀት ባትባክን እንኳ ይህን ለመጨረስ ከ38 ቀን በላይ ሌትና ቀን መብራት አለበት። በእውነተኛ ኩሬ ግን ሙቀቱ በየሌሊቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የፀሐይ እጥረት የሚባለውም የለብንም፤ በጅማ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። በዚያ ላይ የዚህ ሽሪምፕ እጭ ጨው ይፈልጋል። ሻው ዌን ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሌዥያ ውስጥ ይህን እስኪደርስበት ድረስ እጮቹ በየጊዜው እየሞቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ሊትር ውኃ 12 ግራም ገደማ ጨው እየተደረገ ይረባል። ጽሑፉ ስለ ጨው አንድ ቃል የለውም። ብድር ከመጠየቅ በፊት ሰበታ የሚገኘውን ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም እዚሁ አጠገባችን ያለውን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል። ለጊዜው ቆሮሶ የአገራችንን ውኃ ለምዶታል፤ ገበያም አለው።

የመጨረሻው ነጥብ ወደ ጊቤ ይለቀቅ የተባለው ነው። የወንዙ ሽሪምፕ እጭ ጨው ስለሚያጣ በጊቤ ዘር አይተካ ይሆናል። ክሬይፊሽ ግን እንዲህ አይደለም። እናቲቱ ልጆቿን ጅራቷ ሥር አቅፋ ታሳድጋለች፤ ጨው አትሻም። እ.ኤ.አ. በ1970 ቀዩ የረግረግ ክሬይፊሽ ከኡጋንዳ ወደ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ገባ፤ በጥቂት ዓመታት የሐይቁን የውኃ ውስጥ ዕፅዋት አጨደው፤ የዓሣ አጥማጆችን መረብ እየቀደደ በመረብ ውስጥ ያለውን ዓሣ መብላት ያዘ። ግብፅም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከገባባት ወዲህ ከአባይ ልታወጣው አልቻለችም። ጉድጓድ ቆፋሪ ስለሆነ የቦይ ዳርቻ ይቦረቡራል፤ በእርጥብ ሌሊት በእግሩ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሻገራል። ጊቤ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞ ቱርካና ይገባል። አምፖሉን የገዛ ሰው ቢከስር የራሱን ገንዘብ ይከስራል፤ ክሬይፊሽ ወንዝ የለቀቀ ሰው ግን ከእሱ በታች የሚኖረውን ሁሉ ያከስራል። ጸሐፊው ስለ ቀለሙ በሐሳባቸው ቢጸኑ እንኳ ስለ ጊቤ የጻፏትን ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ እንዲያነሷት እለምናቸዋለሁ።